ርስትና ማደሪያ

በታኅሣሥ ወር፥ ውርጭ በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ እንደ ተበተነ ጨው ነጥቶ ባደረበት አንድ ማለዳ፥ ቅዳሴ ተፈጽሞ ምእመናን ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፥ ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ ፀሐይ ቀድማ በምታገኘው የድንጋይ መደብ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲነጋገሩ፥ ይህን የሚጽፈው ሰው ሦስተኛ ሆኖ አብሯቸው ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አንደኛው፥ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው መቋሚያቸውን በጕልበታቸው መካከል ያቆሙ፥ ሰባ ዘጠነኛ ዓመታቸውን የያዙ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁለተኛው በልጅነቱ ከእርሳቸው ዘንድ ፊደል ቈጥሮ ዳዊት የደገመ፥ ኋላ ግን እግሩ ከምላሱ ፈጥኖ የረዥም ርቀት ሯጭ የሆነ ሰው ነው። ወደ ጫጫ በሚወስደው መንገድ ሮጦ መመለሱ ስለ ነበር ከትከሻው ላይ እንፋሎት ይነሣል፤ ጫማውንም አውልቆ ከጎኑ አኑሮታል። የጫማው ሶል በስተውጭ በኩል ተበልቶ፥ በውስጡ የተቀበረው ጥቁር የካርቦን ሰሌዳ በአንድ ጥግ ብቅ ብሏል።

የኔታ፦ ዛሬ ገና ኪዳን ሳይደረስ ስትሮጥ አየሁህ። ምን አሳደደህ? ዕዳ ነው ጅብ?

ሯጩ፦ ወረቀት ነው፥ የኔታ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጫማውን አድርጌ የሮጥሁለት ኩባንያ ውሌን እንደማያድስ ባለፈው ሳምንት ነገረኝ፤ ነገረኝ ስልም በስልኬ አራት መስመር ላከልኝ፤ ሦስቱ መስመር ምስጋና ነው፥ አራተኛው ስንብት። አሁን ደግሞ ማናጀሬ ስሙ እዚህ አገር እምብዛም ካልተሰማ ከሌላ ኩባንያ የአንድ ዓመት ውል አምጥቶልኛል። ክፍያው የቀድሞው ሲሶ ነው። ልፈርም ወይስ ጭራሹን ልተው የሚለውን ከባለቤቴ ጋር ሦስት ሌሊት ብንመክርም አልቈርጥ ስላለን፥ «ሂድና የኔታን ጠይቅ» አለችኝ።

የኔታ፦ እኔ የማውቀው ውል የእኩል አራሽ ውል ነው፤ እርሱም ቢሆን በቃል እንጂ በወረቀት አልነበረም። አስቀድመህ ይህን አስረዳኝ፤ ገበያ ወጥቶ ጫማ የሚገዛ ሰው ለሻጩ ይከፍላል፤ ሻጩ ለለባሹ የሚከፍልበት ሥርዓት ከወዴት የመጣ ነው?

ሯጩ፦ ገዢው ጫማውን ቢገዛም የተመኘው እግሩን ነው፥ የኔታ። አንድ ልጅ ያሸነፈውን ሯጭ በቴሌቪዥን አይቶ አባቱን ያን ጫማ ያስገዛል፤ ስለዚህ ኩባንያው በዓመት የተቈረጠ ገንዘብ ይሰጠናል፤ ብናሸንፍ፥ ክብረ ወሰን ብንሰብር፥ ሜዳልያ ብናመጣ ቦነስ ይጨምራል። ከዚህም ሌላ የውድድሩ አዘጋጅ ስማችን ተመልካች የሚጠራ ከሆነ ለመሰለፋችን ብቻ የተሳትፎ ይከፍላል፤ ማናጀሩም ብዙውን ጊዜ ከመቶ አሥራ አምስቱን ያነሣል። እንግዲህ ይህ የሚጣፍጠው ገጽ ነው። ገለጥ ሲያደርጉት የቅናሽ አንቀጽ አለ፤ በዓመት ሁለት ማራቶን ካልሮጠ ይህን ያህል ይቀነስ፥ ሰዓቱ ከዚህ ከዘገየ ይህን ያህል ይቀነስ፥ ተጎድቶ ስድስት ወር ካልተወዳደረ ክፍያው ይታገድ ይላል። ወጣት ሳለሁ ያን ገጽ አላነበብሁትም፤ በዚያ ዕድሜ ጕዳት የሚባል ነገር ለሌላ ሰው የተፈጠረ ይመስላል።

የኔታ፦ እንግዲያስ ይህ ማደሪያ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ሯጩ፦ ማደሪያ ማለት?

የኔታ፦ ያንተ ትውልድ ይህን ቃል የሚያውቀው ለሆቴል ብቻ ነው። አያቴ የንጉሥ ወታደር ነበሩ፤ ደመወዝ በገንዘብ በማይከፈልበት በዚያ ዘመን በአንጎለላ በኩል መሬት ተሰጥቷቸው ከባላገሩ ግብሩን ይቀበሉ ነበር፤ በምትኩም ክተት ሲታወጅ ስንቃቸውንና ጠመንጃቸውን ይዘው ይወጣሉ። ያ መሬት ማደሪያ ይባላል። ርስት ግን ከአባት ለልጅ ይወርዳል፤ ባለቤቱ ቢያረጅም፥ ዓይኑ ቢጠፋም ከእጁ አይወጣም። አያቴ በዘመነ ርስዓን ጕልበታቸው ከድቷቸው ዘመቻ መውጣት ሲሳናቸው መሬቱ ለሌላ ጐበዝ ተሰጠ፤ እርሳቸውም ከማዶ ተቀምጠው፥ ሠላሳ ዓመት የበሉበትን ማሳ ሌላ ሰው ሲያሳርሰው እያዩ፥ እስኪሞቱ ድረስ «መሬቴ» ማለትን አልተዉም። አባቴ ይህን ባነሡ ቍጥር፥ ሽማግሌውን የጎዳቸው ማደሪያውን በልባቸው ርስት አድርገው መኖራቸው ነው ይሉ ነበር። አንተም ስድስት ዓመት ስለ በላህበት ርስት መስሎህ ነው የተከፋኸው።

ሯጩ፦ ርስት የሆነለትም አለ፥ የኔታ። አሜሪካ ቤዝቦል የሚባል፥ ኳስ በዱላ የሚመቱበት ጨዋታ አላቸው።

የኔታ፦ እንደኛ ገና ጨዋታ?

ሯጩ፦ የእነርሱ ኳስ በአየር ይመጣል እንጂ ዘመድ ናቸው። በዚያ ጨዋታ ውል አንዴ ከተፈረመ ተጫዋቹ ቢያረጅም ቢጎዳም የተጻፈው ገንዘብ ይከፈለዋል። ቦቢ ቦኒያ የሚባል ተጫዋች ነበራቸው፤ የኒውዮርኩ ሜትስ ቡድን ሊያሰናብተው ቢፈልግ ቀሪው ዕዳ ስለ ከበደው፥ «አሁን አትክፈሉኝ፤ ከወለዱ ጋር በኋላ ትሰጡኛላችሁ» አላቸው፤ ስለዚህም ለቡድኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1999 ሆኖ ሳለ፥ ከ2011 ጀምሮ እስከ 2035 ድረስ በየዓመቱ ሐምሌ አንድ ቀን፥ በእኛ ሰኔ 24፥ 1 ሚሊዮን ከ193 ሺህ ዶላር የሚያህል ይቀበላል። ሲጨርስ የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ይሆናል።

የኔታ፦ ለማይዘምት ሰው ሃያ አምስት ዓመት ግብር! ምን ዓይነት ጌታ ነው እንዲህ ያለ ቃል የሚገባው?

ሯጩ፦ ወዶ አይደለም። ተጫዋቾቹ የጸና ማኅበር አላቸው፤ ቢከፋቸው ሁሉም በአንድ ቀን ዱላቸውን ይጥላሉ። እኛ ከጫማ ኩባንያ ፊት የምንቆመው አንድ በአንድ ነው፤ እኔ «አልፈርምም» ብል ከኋላዬ ሃያ ጐረምሳ ብዕር ይዞ ቆሟል።

(እዚህ ላይ የኔታ ዝም ብለው ወደ በረሳ ወንዝ አቅጣጫ ቈይተው ተመለከቱ። በኋላ እንደ ነገሩኝ ያን ጊዜ ያስቡ የነበረው ስለ አያታቸው ነው።)

የኔታ፦ በእኛ ዘመን ግን ጌታው ፊት ነበረው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ አበበ ቢቂላ በሮም አደባባይ ባዶ እግሩን ሮጦ ሲያሸንፍ እኔ አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላኝ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ፤ ወሬውን የሰማነው በዕንቍጣጣሽ ዕለት ስለ ነበር፥ ልጆቹ አበባ ይዘው ሲመጡ «አበበ» የሚለው ስም የተዘጋጀ ቅኔ ሆኖ ጠበቀን። ሰውዬው የሩቅ ሰው አይደለም፤ የተወለደው ከመንዲዳ አጠገብ ጃቶ ነው፥ ከዚህ ማዶ። የጫማ ውል አልነበረውም፤ በዚያች ሌሊትማ ጫማም አልነበረውም፤ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበረ እንጂ። ከአራት ዓመት በኋላ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በአርባ ቀኑ ገደማ በቶኪዮ ደገመው፤ ንጉሡም ማዕረግ ጨመሩለት፥ ቮልስዋገን መኪናም ሰጡት። በሜክሲኮ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ግን እግሩ ታሞ ነበርና አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ወጣ፤ ወርቁን የወሰደው በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ማሞ ወልዴ ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ያቺው መኪና ተገልብጣ አበበን ከወገቡ በታች አደረቀችው። ያን ጊዜ ማን የቅናሽ አንቀጽ አወጣበት? ንጉሡ እንግሊዝ አገር ልከው አሳከሙት፤ እርሱም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተምሮ ለውድድር ቀረበ።

ሯጩ፦ መልካም ነው፥ የኔታ፤ ነገር ግን ጌታው ፊት ያለው ሲሆን ሰው ነው ማለት ነው፤ ሰው ደግሞ ያልፋል። አበበ በ1966 ዓ.ም. በጥቅምት ሞተ፤ ዓመት ሳይሞላው ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ከንጉሡ ብዙ ዓመት የሚኖር ሌላ አበበ ቢሆን ኖሮ ማን ይጠይቀው ነበር? ርስት ከእጅ አይወጣም ያሉትንም ቢሆን፥ በየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ማደሪያውም ርስቱም በአንድ ቀን አልሄደምን?

የኔታ፦ (ጥቂት አስበው) እውነትህን ነው፤ ርስቱም ሄደ። የአባቴ ርስት ከበረሳ ወዲህ ነበረ፤ አሁን የሰው ቤት ተሠርቶበታል። እንግዲህ ለሯጭ ርስት የሚሆነው ምንድን ነው ትላለህ?

ሯጩ፦ እኔ የማውቀው የጫጫዋን ልጅ ነው። ጌጤ ዋሚ በ10 ሺህ ሜትር በሴቪል የዓለም ሻምፒዮን ሆና፥ በሲድኒ ኦሊምፒክ አንድ ብርና አንድ ነሐስ አምጥታ፥ ልጅ ወልዳ ከተመለሰች በኋላ፥ ብዙ ሰው «አበቃላት» ባለበት ጊዜ በማራቶን ዳግም ተነሣች። በዚያን ሰሞን የዓለም ታላላቅ ማራቶኖች ተባብረው፥ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ነጥብ ለሰበሰበች ሴት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር እንሰጣለን ብለው ነበር። ጌጤ በርሊንን አሸንፋለች፥ በለንደን ሁለተኛ ሆናለች፤ በመስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፥ ሚሌኒየሙ በገባ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፥ በርሊንን ደገመችው፤ በዚያችው ዕለት በዚያው ጎዳና ኃይሌ የወንዶቹን ክብረ ወሰን ሰበረ፥ ስለዚህ የእርሷን ድል ብዙ ሰው አላስተዋለውም። ተከታይዋ ግን ሁለት ዓመት በተከታታይ ኒውዮርክን ያሸነፈችው የላትቪያዋ ዬሌና ፕሮኮፕቹካ ናት፤ ኒውዮርክ ደግሞ የቀረው ሠላሳ አምስት ቀን ብቻ ነው። ማራቶን የሮጠ እግር በሠላሳ አምስት ቀን ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ፤ ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ መያዝ አለ፥ ሁለት ሳምንት ሙሉ የጭኑ ሥጋ የሌላ ሰው ይመስላል። እርሷ ሄደች። ከእንግሊዟ ፖላ ራድክሊፍ ትከሻ ሳትለይ እስከ ሴንትራል ፓርክ ደርሳ፥ በሃያ ሦስት ሰከንድ ብቻ ተቀድማ፥ 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ገባች። ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ ሆነች፤ ግማሹ ሚሊዮን የጌጤ ሆነ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ያህል ቀርቷት ነበር።

የኔታ፦ ተሸንፋ አሸነፈች በለኛ።

ሯጩ፦ ደንቡን አንብባ ገባችበት፥ የኔታ። ሌላው ሯጭ ማን ይቀድማል ብሎ ሲያስብ እርሷ ነጥቡ የት እንዳለ ቈጥራ ነበር። እኔ ብሆን በርሊንን ካሸነፍሁ በኋላ አገሬ ገብቼ ሠርግ እበላ ነበር።

የኔታ፦ ኃይሌስ? በቴሌቪዥን ሲያለቅስ ማየቴ ትዝ ይለኛል።

ሯጩ፦ ያ ኒውዮርክ ነው፤ ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም.፤ ጕልበቱ ታሞ አቋርጦ ወጣና እዚያው «በቃኝ» አለ፤ ሳምንት ያህል ቈይቶ ሐሳቡን ለወጠ። በመጨረሻ የተሰናበተው በግንቦት 2007 በማንቸስተር ነው፥ በአርባ ሁለት ዓመቱ። ሕንፃና ሆቴል ያለው ሰው ማልቀስም መመለስም ይችላል፤ ሆቴል የሌለው ግን ከማልቀሱ በፊት አንቀጹን ያነባል። እኔን ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ የቀነኒሳ ነገር ነው።

የኔታ፦ የበቆጂው ልጅ።

ሯጩ፦ እርሱ። የ5 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰኑ አሥራ ስድስት ዓመት፥ የ10 ሺሁ አሥራ አምስት ዓመት ሳይደፈር ኖሮ፥ ሁለቱንም ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ የኡጋንዳው ቼፕቴጌይ ወሰዳቸው። ማራቶን በርሊን ላይ በመስከረም 2012 ዓ.ም. 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጦ ከዓለም ክብረ ወሰን የጎደለው ሁለት ሰከንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ጕዳትና ማቋረጥ በዛበት። አርባ ዓመቱን ከተሻገረ በኋላ ረዥም ዘመን ካሳለፈበት ከናይኪ ወጥቶ አንታ ከሚባል የቻይና ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ብዙ ሰው «ሽማግሌውን ገዙት» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ቫሌንሲያ ላይ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ሮጦ አራተኛ ወጣ፤ ሚያዝያ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ሆነ፤ በአርባ አንድ ዓመቱ! ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከዚያ በፊት እንዲህ ሮጦ አያውቅም።

የኔታ፦ ቻይናዎቹ ታዲያ ምን አይተው ነው? ጐበዝ የሚፈልግ ሰው አርባ ዓመት የሞላው ወታደር አይመለምልም።

ሯጩ፦ አሮጌው ኩባንያ ስም ሞልቶታል፤ የሚፈልገው የነገን እግር ነው። አዲሱ ኩባንያ ጫማ አለው፥ ስም የለውም፤ ስለዚህ የትናንትን ስም ይገዛል። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ታቦት እስኪገባለት ድረስ...

የኔታ፦ አንተ! ታቦትን ከጫማ ጋር አታስተያይ።

ሯጩ፦ ይቅር ይበሉኝ። ብቻ አዲስ ቤት ታላቅ እንግዳ ካልገባበት ሰው አያውቀውም ለማለት ነው።

የኔታ፦ እንዲህ ብትለው ምን ነበረ? ነገሩ ግን ገብቶኛል። ስሙ ርስቱ ነው፤ ውሉ ማደሪያው ነው፤ ርስት ያለው ሰው አንዱ ጌታ ማደሪያውን ቢነሣው ሌላው ይሰጠዋል። የቀረው ጥያቄ እንግዲህ ርስቱ ብቻውን እስከ መቼ ያበላዋል የሚለው ነው።

ሯጩ፦ እርሱንም ፓሪስ መለሰችው። በነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በኦሊምፒኩ ማራቶን ቀነኒሳ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ሮጦ ሠላሳ ዘጠነኛ ወጣ። በዚያው ውድድር፥ በተጎዳው በሲሳይ ለማ ቦታ ከተጠባባቂነት የተጠራው ታምራት ቶላ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። እኔ ውድድሩን ያየሁት እዚሁ ከተማ ከአንድ ሻይ ቤት ነው፤ ሁሉም ለታምራት እየጮኸ እያለ እኔ መጨረሻውን እጠብቅ ነበር፤ ቀነኒሳ ሲገባ ሻይ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለት ነን። ሌላው ሰው ብርጭቆ የሚያጥበው ልጅ ነው።

የኔታ፦ አልወጣም? እስከ መጨረሻው ሄደ?

ሯጩ፦ ሄደ። ሠላሳ ዘጠነኛ ለሚወጣ ሰው የሚከፍል አንቀጽ የለም፤ ግን ሄደ።

የኔታ፦ ማሞ ወልዴም በሙኒክ ነሐስ ያመጣው በአርባ ዓመቱ ነው፤ እርሱም እንደ አበበ በጳጉሜን 5፥ በ1964። ታዲያ አንተ ለምን እንደ ሽማግሌ ታወራለህ?

ሯጩ፦ ለዚህም ነው የመጣሁት፥ የኔታ። አዲሱ ኩባንያ ከአርባ ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ለሚወዳደሩበት ሽልማት የተለየ ቦነስ ጽፎልኛል፤ ሰውዬው ስለ ቀነኒሳ ሰምቶ መሆን አለበት። ዕድሜዬ ስንት ነው?

የኔታ፦ ፓስፖርትህ ምን ይላል?

ሯጩ፦ ሠላሳ ስድስት።

የኔታ፦ ፓስፖርትህ ክርስትና ስትነሣ አልነበረም፤ እኔ ነበርሁ። የተወለድኸው በ1977፥ በዚያ በድርቁ ዓመት ነው፤ እናትህ ወተት አጥታ አጎትህ ከመንዝ ፍየል አምጥቶ ነው ያደግኸው። አርባ ነህ።

ሯጩ፦ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ለታዳጊዎች ውድድር እንድደርስ አንድ ሰው አራት ዓመት ቀንሶ አጻፈልኝ፤ ያን ጊዜ ጮቤ ረግጬ ነበር፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆችን በሃያ አንድ ዓመቴ ቀደምኋቸውና እንደ ድል ቈጠርሁት። አሁን ያቺው አራት ዓመት ናት የጎደለችኝ። በሽማግሌዎቹ ምድብ ልግባ ብል ገና ልጅ ነህ ይሉኛል፤ ከልጆቹ ጋር ልሩጥ ብል ጕልበቴ እውነቱን ያውቃል።

የኔታ፦ (ሳቃቸውን መያዝ ተስኗቸው) ከዘመን ተበድረህ ኖሯል! አበዳሪውም ወለዱን እግርህ ላይ ጻፈው።

ሯጩ፦ ይሳቁ፥ ይሳቁ። እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ።

የኔታ፦ አይዞህ፥ ልጄ። ያቺ የአርባ ዓመት ቦነስ ላንተ አልተጻፈችም፤ ከሐሳብህ አውጣት። ከዚያ የቀረው ያስኬዳል?

ሯጩ፦ የልጆቹን ትምህርት ቤትና የቤቱን ኪራይ ይሸፍናል። ሁለት ማራቶን የሚለውን አንድ እንዲያደርጉልኝ እጠይቃለሁ፤ በሌላው ውድድር አሯሯጭ ሆኜ እሠራለሁ፤ እስከ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ድረስ ዛሬም ማንንም እመራለሁ፤ ከሠላሳ በኋላ ነው ዕድሜ የሚመጣው።

የኔታ፦ ሌላም ጠይቃቸው፤ ሊያሰናብቱህ ሲፈልጉ ደብዳቤውን ስም ያለው ሰው ይፈርምበት በላቸው። ያቺ አራት መስመር አላማረችኝም። ስንት ጊዜ ነው ያልኸኝ ውሉ?

ሯጩ፦ አንድ ዓመት።

የኔታ፦ በማን አቈጣጠር?

ሯጩ፦ በእነርሱ ነዋ፤ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር፥ አሥራ ሁለት ወር።

የኔታ፦ እንግዲያ ጳጉሜን የላትማ!